ወንበር ሰጥተው ስላስተናገዱት ውሸቴ

ጎንደር፣ አዲስ ዓለም
ግንቦት 4 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለዩኒቨርሲቲው የኢንተርኔት ትምህርት የጎንደር ማእከል
ለክቡር ኃላፊው

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው እላለሁ። ቤተሰብዎ፣ ጸሐፊዎ፣ ከበርዎ ላይ ቆሞ ስንገባ ስንወጣ ኪሳችንን የሚዳብሰው ጥበቃ፣ አንዳንዴ የሚመጣው ኔትወርክም ጭምር ደኅና እንደ ሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ለአላህ ምስጋና ይግባውና ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። የጉልበቴን ነገር ወደ ታች እመጣበታለሁ፤ ከጉዳያችን ጋር ዝምድና አለው።

በመጋቢት ወር ከቢሮዎ መጥቶ ልጄ ረውዳ በትምህርት ሰዓት ካሜራ የማትከፍተው ሃይማኖታችን ስለማይፈቅድ ነው ያለዎ ሰውዬ እኔ ነኝ። ውሸት ነበር። ሃይማኖታችን ስለ ካሜራዋ ያለው ነገር የለም፤ ልጄም ያለችው ነገር የለም። ያልሁት እኔ ነኝ፤ ያልሁትም በራሴ ስላፈርሁ ነው። ያን ጊዜ የመጣሁት በዝግ በር፣ በጆሮዎ ለመናገር ነበረ፤ ዛሬ ግን ከማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ እንዲለጠፍ ብዬ በግልጽ እጽፋለሁ። በስውር የተሰፋ ነገር በአደባባይ ካልተተረተረ ክሩ እውስጥ ይቀራል። የተማርሁት እስከ ስምንተኛ ክፍል ስለሆነ ዐረፍተ ነገሬ ሲጎብጥ ቢያገኙት እንደ ልማድዎ በትሕትና ይለፉልኝ።

ከሰሌዳው ፊት ቆመው ለሚያነቡ ነገሩን ላስረዳ። ይህ ዩኒቨርሲቲ ተማሪውን ከቤቱ ሳያወጣ በኮምፒውተር ያስተምራል። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ ተማሪው ኮምፒውተሩን ይከፍታል፤ መምህሩ ከሩቅ ከተማ ሆነው ይናገራሉ፤ ተማሪዎቹም እንደ ክብሪት ቀፎ በተደረደሩ ትናንሽ ሳጥኖች ውስጥ ይታያሉ። ካሜራ ያልከፈተ እንደ ቀረ ይቆጠራል የሚል ደንብ አለ፤ ካሜራው የተዘጋ ተማሪ ይተኛ፣ ገበያ ይሂድ አይታወቅምና። ደንቡ ሸጋ ነው። ረውዳ እንደ ነገረችኝ ግን በደስታ የሚከፍተው ተማሪ ጥቂት ነው። አንዱ ኔትወርኬ አይችልም ይላል፣ አንዷ ካሜራዬ ተሰብሯል ትላለች፣ ሌላው ሲጠሩት ድምፁ ብቻ ከጨለማ ይመጣል። ሳያንገራግሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ይከፍቱ ከነበሩት መካከል ሁለቱ ሙስሊም ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ ልጄ ረውዳ፣ ሁለተኛዋ የጠዳዋ መርዋ። ይህን ያዙልኝ። አሁን ወደ ቅሬታዎቼና ወደ ምስጋናዎቼ እገባለሁ፤ በቅደም ተከተል እንዲሆኑልዎ ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ።

አንደኛ፤ መምህርዎ ስለ ቤቴ ስለ ሰጡት አስተያየት ምስጋና አቀርባለሁ።

ቤቴ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ነው፤ ግማሹን ሰው ይይዘዋል፣ ግማሹን ጆንያ። ድሮ ፒያሳ ሱቅ ነበረኝ፤ ኮት እሰፋ ነበር። ባለቤቴ ራቢዓ፣ አላህ ይዘንላት፣ ስትታመም የስፌት መኪናዎቼን ሸጥሁ፤ እሷ ከሄደች በኋላ የቀረኝ እጄና አንድ ወስፌ ነበር። አሁን አያ ውዱ የተባሉ የእህል ነጋዴ የተቀደደ ጆንያ ይልኩልኛል፤ የሰሊጥ፣ የኑግ፣ የማሽላ። በሲባጎ እየጠገንሁ እመልሳለሁ። ሥራው ሐላል ነው፤ ማንንም አላታለልሁበትም። ለሰፈሩ ሰው ግን ዐይኔ ደክሞ ሥራ አቁሜያለሁ፣ ልጄ ትጦረኛለች ብዬ ነው ያወራሁት፤ ጆንያውም የሚገባው በጓሮ በር ነው። የጎንደርን ሰው ትከሻ ለክቼ ኮት ያለበስሁ ሰው የማሽላ ጆንያ ሲጠግን መታየቱን ልቤ አልቻለውም።

በመጀመሪያው ሳምንት ረውዳ ካሜራዋን ከፍታ ስትማር መምህርዎ ድንገት ትምህርቱን አቆሙና፣ «ረውዳ፣ ከመጋዘን ነው እንዴ የምትማሪው?» አሉ። ሳጥኖቹ ሁሉ ሳቁ። ልጄ ዞር ብላ አየችኝና ካሜራውን ትንሽ ወደ እኔ አዘነበለችው።

«መጋዘን አይደለም መምህር፣ ቤታችን ነው። ያ አባቴ ነው፤ ጆንያ ይጠግናል» አለች፤ እንግዳ ሲገባ ሰውን ከሰው እንደሚያስተዋውቁ አድርጋ።

እኔስ ምን አደረግሁ? እጄን አንሥቼ ሰላም አላልሁም። ከጆንያው ክምር ኋላ ተደፋሁ። ከስልሳ ዓመት ያለፍሁ ሽማግሌ፣ ከምስር ፍሬ ከምታንስ ዐይን ተሸሽጌ፣ ትምህርቱ እስኪያልቅ ድረስ እንደ ጃርት ተኮራምቼ ቆየሁ። የጉልበቴ ነገር ያልሁዎ ይኸ ነው።

መምህርዎ የጠየቁት ከልብ ለማወቅ እንጂ ለመቀለድ እንዳልሆነ አምናለሁ። እርሳቸው የተቀመጡበት ክፍል ምን እንደሚመስል እኛም ብንጠይቅ ደስ ባለን ነበር፤ ነገር ግን ትምህርቱ ከተጀመረ ጀምሮ በእርሳቸው ሳጥን ውስጥ የምናየው የዩኒቨርሲቲውን አርማ ብቻ ነው። አርማው ንጹሕ ነው። ጆንያ አይታይበትም።

ለሚቀጥለው ትምህርት የራቢዓን የአልጋ ልብስ፣ ባለ ጽጌረዳውን፣ ከምስማር ምስማር በሲባጎ ወጥሬ ሰቀልሁት። ረውዳ፣ «ምነው አባየ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ አቧራው እንዳይረብሽሽ ነው አልኋት። ውሸት አንዴ ከጀመሩት እንደ ሲባጎ ነው፤ ጫፉን ሲይዙት ይመዘዛል። ከመጋረጃው ኋላ ተቀምጬ ወስፌዬን እንደ ሌባ ቀስ አድርጌ ስሰካ ክምሩ ከጀርባዬ ተናደ፤ ሲባጎው ተበጠሰ፤ ጽጌረዳውም ከነእኔው ወረደ። በዚያች ትንሽ ዐይን ፊት፣ ጆንያ በእቅፌ፣ የሟች ባለቤቴ የአልጋ ልብስ በራሴ ላይ ሆኖ ተገኘሁ። መምህርዎም በጨዋታ ዐዋቂነታቸው፣ «እነሆ፣ መጋዘኑ ተናደ» አሉ። ልጄ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይቅርታ ብላ ካሜራውን ዘጋችው።

እኔ እያለቀሰች መሰለኝ። አልጠየቅኋትም። አባት ልጁን በእኔ ምክንያት አልቅሰሽ ነበር ወይ ብሎ በምን አፉ ይጠይቃል?

ሁለተኛ፤ ከቢሮዎ ስለ ተደረገልኝ አቀባበል የማልረሳው ውለታ አለብኝ።

በማግሥቱ የሶላት ኮፍያዬን አጥቤ፣ ከድሮ ኮቶቼ የተረፈችውን አንዲት ኮት ለብሼ መጣሁ። እርስዎ ከወንበርዎ ተነሡ፤ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፤ በሩንም ዘጉልኝ። በመንግሥትም ይሁን በግል ቢሮ እንዲህ ያለ ክብር አግኝቼ አላውቅም፤ ብዙ ጊዜ ነገ ተመለስ ነው የምባለው። እኔ ላቀርብ ያሰብሁት ሌላ ነበር። ቤታችን ለትምህርት አይመችምና ልጅቱ ካሜራ ሳትከፍት ትማር ዘንድ በአባትነት እለምናለሁ ልል ነበር። «ልጄ ካሜራውን...» ብዬ ስጀምር እርስዎ ኮፍያዬን አዩና ዐረፍተ ነገሬን ጨረሱልኝ።

«ገባኝ አባባ። የሃይማኖት ጉዳይ ነው፤ አይደል?»

ክቡር ሆይ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስለካ ኖሬ፣ ልኬ ሳይወሰድ የተሰፋ ኮት እንዲህ ልክ ሆኖልኝ አያውቅም። ክንዴን ሰደድሁና ለበስሁት። «አዎ» አልሁ። ከዚያም ጨማመርሁበት፤ ነውር ነው አልሁ፣ አባቶቻችን አያውቁትም አልሁ። እርስዎም አንገትዎን እየነቀነቁ እናከብራለን፣ እናከብራለን አሉኝ፤ እስከ በር ድረስ ሸኙኝ።

እስቲ ልጅቱን ልጠይቃት አላሉም፤ ስለዚህም አመሰግናለሁ፤ ቢጠይቋት ኖሮ እዚያው ተዋርጄ በተመለስሁ ነበር። ቢጠይቋት፣ ረውዳ ሃያ ሁለት ዓመቷ እንደ ሆነ፣ ጸጉሯን እንጂ ፊቷን ሸፍና እንደማታውቅ፣ ቀኑን ሙሉ በመድኃኒት ቤት ቆማ ለመላ ጎንደር ሳል ፊቷን ገልጣ ሽሮፕ እንደምትሰጥ በነገረችዎ ነበር። ምናልባትም ከእርስዎ ቤት ሳል የያዘው ሰው መጥቶ ከእጇ ወስዶ ይሆናል። ግን አባት እያለ ልጅ ምን ትጠየቃለች? ኮፍያ እያለ ሰው ምን ይጠየቃል?

እርስዎ የሰው እምነት አከበርሁ ብለው ደስ ብሎዎት ወደ ወንበርዎ ተመለሱ። እኔ በእምነቴ ነውሬን ሸፍኜ ወጣሁ። ከዚያ ወደ መስጊድ ሄጄ ዙህር ሰገድሁ። ግንባሬ መሬት ነካ፤ ልቤ ግን ከሰጡኝ ወንበር ላይ ቀርቶ ነበር።

ሦስተኛ፤ ስለ ለጋስነትዎ።

እኔ የለመንሁት ለአንዲት ልጅ ነበር። እርስዎ አንድ ክንድ ጨርቅ ለለመነ ሰው ጣቃውን እንደሚሰጥ ባለጸጋ፣ «ለእምነታቸው ክብር ሲባል የሙስሊም ሴት ተማሪዎች ካሜራ ዝግ እንዲሆን ተወስኗል» የሚል ማስታወቂያ አወጡ። ማኅተሙ ያማረ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ መርዋ ልናገር። መርዋ ጠዳ ነው የምትኖረው፤ ቤታቸው ውስጥ ኔትወርክ ስለማይዝ ከአባቷ ሱቅ ደጃፍ፣ ከባሕር ዳሩ መንገድ ዳር ተቀምጣ ትማራለች። ከኋላዋ ከባድ መኪና ያልፋል፣ በግ ያልፋል፣ ዘይት የሚገዛ ሰው ስሟን ይጠራል፤ እሷ ድምጿን ከፍ አድርጋ ጥያቄዋን ትመልሳለች። ረውዳ መርዋን ስታነሣ እኔ ጆንያዬን አቁሜ እሰማ ነበር። የምትማረው በውጤቷ በሚሰጣት የነጻ ትምህርት ዕድል ነው፤ ውጤቷ ከወረደ ዕድሉ ይቀራል፤ አባቷ ሊከፍሉላት አይችሉም። ይህንም ረውዳ ነግራኝ ነበር፤ ሰምቼም ነበር።

ማስታወቂያው በወጣ ሳምንት መርዋ እንደ ወትሮዋ ካሜራዋን ከፈተች። መምህርዎ፣ «መርዋ፣ ዝጊ፤ ተከብሮልሻል» አሏት። እሷም እኔ አልጠየቅሁም አለች። ተወስኗል አሏት። ከዚያ ወዲያ ፊቷ ስለማይታይ እጇን ስታነሣም አይታይም፤ ስለዚህ አትጠየቅም። ሰው ሲከበር እንዲህ ቀስ በቀስ እንደሚጠፋ ከዚህ ተማርሁ።

ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሁለተኛው ማስታወቂያ ወጣ። ከመቶ አርባ የሚይዘው የመጨረሻው ፕሬዘንቴሽን የተማሪው ማንነት እንዲረጋገጥ በተከፈተ ካሜራ ብቻ ይቀርባል፤ ካሜራቸው ዝግ እንዲሆን የተወሰነላቸው በጽሑፍ ያስረክባሉ፤ ጽሑፉም ከግማሹ ይታረማል። የመጀመሪያው ማስታወቂያ አትክፈቱ ይላል፣ ሁለተኛው ስላልከፈታችሁ ተቀነሰባችሁ ይላል፤ ሁለቱም ከአንድ ሰሌዳ ላይ፣ በአንድ ዓይነት ማኅተም፣ ጎን ለጎን ተለጥፈው ሳይጣሉ ይኖራሉ። ይህን ያህል ተቻችሎ መኖር በቤተሰብ መካከል እንኳ አይገኝም። ክብራችን ዋጋው ከመቶ ሃያ መሆኑን ስላሳወቁን እናመሰግናለን።

አራተኛ።

አራተኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም። ቁጥሩን ከጀመርሁት አይቀር ግን እጨርሰዋለሁ።

በሚያዝያ መጨረሻ አንድ ቅዳሜ መርዋ ከጠዳ በሚኒባስ መጥታ ከቤታችን ገባች። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ ጆንያ ይዣለሁ። ሰላምታ ሰጠችኝ፤ እጄንም ሳመች። ከዚያ ወደ ረውዳ ዞራ እንደ ቆመች ተናገረች።

«ከክፍላችን ተማሪዎች አንድ ሰው ቢሮ ሄዶ አመልክቷል ብለውኛል። ለዲኔ፣ ለሃይማኖቴ ጠበቃ የገዛልኝ ማነው? አንቺ መክፈት ካልፈለግሽ ዝጊ። የእኔን ፊት ምን ብለሽ ትሸፍኛለሽ?»

ረውዳ ወላሂ አላመለከትሁም አለች። መርዋ ዐይን ዐይኗን አየቻት። «ወላሂ ካልሽ እሺ» አለች፤ ሻይ ቅመሽ ብንላት አልቀመሰችም። አብረው ሲያጠኑ በስልክ የሚሳሳቁ ልጆች ነበሩ። ከዚያ ቀን በኋላ ስልኩ አልጮኸም።

መርዋ ስትወጣ ረውዳ ወደ እኔ መጣች። «አባየ፣ ቢሮ የሄድኸው አንተ ነህ?» አለችኝ።

«አላህ ያውቃል» አልኋት።

እውነት ነው፤ ያውቃል። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ዕድሜዬ ከተናገርሁት ውሸት ሁሉ የከፋው ይህ እውነት ነው። ልጄ ተጨማሪ አልጠየቀችኝም፤ አባቷ የአላህን ስም ጠርቶ ይዋሻል ብላ እንዴት ታስብ?

ተከትሎም ጎረቤታችን ወይዘሮ እጅጋየሁ በአጥር በኩል አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። የእኅታቸው ልጅ ከዚያው ክፍል ይማራል። እርሳቸው ክርስቲያን ናቸው፤ ራቢዓ ስትታመም በየማለዳው አጥሚት እየያዙ የሚመጡ ሰው ናቸው፤ ምላሳቸው ግን ወስፌ ነው። «አያ ዐብዱረሕማን፣ ሃይማኖታችሁ በዚህ ወር ጠበቀ እንዴ?» አሉኝ። «ትናንት የደም ግፊት መድኃኒቴን የሰጠችኝ ልጅ ፊት ነበራት። ዛሬ የለሽም ተብላለች አሉ። እኔስ ለመስከረም ፊቷን አይቼ ልድራት ነበር።» ሳቅሁ። እርሳቸውም ሳቁ። ቤት ስገባ ግን ሳቁ መረረኝ፤ በጉርብትና የኖርናቸው ሰዎች ሃይማኖቴን በእኔ ነውር ልክ ሲለኩት ሰማሁና። ረመዳንም እየመጣ ነበር። ይህን በአፌ ይዤ ምን ልጾም ነው?

ረቡዕ ረውዳ ከሥራ ስትመለስ ቁጭ በይ አልኋት። ሁሉንም ነገርኋት፤ ከጆንያው ኋላ የተደፋሁበትን፣ መጋረጃውን፣ ወንበሩን፣ አዎ ያልሁትን። በእኔ ተዋርደሽ ስታለቅሽ አይቼ አልቻልሁም አልኋት።

«መቼ አለቀስሁ?» አለች።

መጋዘኑ የተናደ ዕለት፣ ትከሻሽ ሲንቀጠቀጥ አልኋት።

«ስቄ ነው'ኮ አባየ። የእማየን ጽጌረዳ ተከናንበህ ስትወጣ ሙሽራ መስለህ ነበር። ሳቄ አላቆም ቢለኝ ነው የዘጋሁት።» ቀጥላ የተናገረችውን እንዳለ እጽፋለሁ፤ ለእኔ ቅጣት ይሁነኝ። «ከጆንያው ኋላ ስትደበቅ ከእኔ ጋር መታየት አፍረህ መስሎኝ ነበር። አባቴ ነው ስላልሁ የከፋህ መስሎኝ ነበር።»

እያንዳንዳችን በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን፣ በአንድ መጋረጃ ግራና ቀኝ፣ አንዳችን ስለ ሌላችን ይህን ይዘን ከርመናል። ይቅር በይኝ አልኋት። እንደማልጠብቀው መለሰችልኝ። «የእኔን ተወው። ፊቷን የሸፈንኸው መርዋን ነው» አለች።

ስለዚህ ከትናንት በስቲያ ሐሙስ ያደረግሁትን እርስዎ ከሌላ ሰው ሳይሰሙ ከእኔ ይስሙ። መግሪብ ሰገድሁ። መልሼ ሰቅዬው የነበረውን የራቢዓን ጽጌረዳ ከምስማሩ አወረድሁና በአራት አጥፌ ከአልጋው ላይ መለስሁት። ክምሩን አላስተካከልሁም፤ እንዳለ ተውሁት። ረውዳ ወንበሯን ለቀቀችልኝ፤ የያዝሁትን የማሽላ ጆንያ ከጭኔ ላይ እንዳደረግሁ ተቀመጥሁ። ልጄ በትከሻዬ ላይ እጇን አሳልፋ ካሜራውን ከፈተችው። መምህርዎ ይህ ካሜራ እንዲዘጋ ተወስኗል አሉ። ረውዳ አልዘጋችም። እኔ የረውዳ አባት ዐብዱረሕማን ነኝ፣ ጆንያ እጠግናለሁ፣ ቢሮ ሄጄ በሃይማኖት ስም የዋሸሁ እኔ ነኝ፣ የዋሸሁትም በዚህ ጆንያ አፍሬ ነው አልሁ። ልጄ አታውቅም ነበር አልሁ። ከዚያ ከጨለማዎቹ ሳጥኖች መካከል ስሟ የተጻፈበትን ፈለግሁና እንዲህ አልሁ፦

«መርዋ ልጄ፣ ፊትሽን የሸፈንሁት እኔ ነኝ። ዐውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ቆይቶ አንዲቱ ጨለማ ሳጥን ብርሃን ሆነች፤ የሱቁ ደጃፍ፣ የሚያልፍ መኪና፣ የመርዋ ፊት። ፈገግ አላለችም። አንድ ቃል ብቻ ተናገረች፤ «ሰማሁ» አለች። ካሜራዋን ግን አልዘጋችም። ዐውፍ አለማለቷ መብቷ ነው። እኔም ከወንበሩ ስነሣ ከዐይኗ አልሸሸሁም፤ ወደ ክምሩ ተመልሼ፣ በምታየኝ ቦታ ተቀምጬ፣ ወስፌዬን አነሣሁ።

ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ አጭር ነው። በእኔ ቃል ያወጡትን ማስታወቂያ በእኔ ቃል ያውርዱልኝ፤ መርዋና ረውዳ እንደ ማንኛውም ተማሪ ፊታቸውን ይዘው ፕሬዘንቴሽናቸውን ያቅርቡ። ቅጣት ካለ አድራሻዬ ይታወቃል፤ ጆንያ በፊት ለፊት በር የሚገባበት ቤት ነው፤ ከትናንት ጀምሮ። ተማሪዎች ካሜራ ለመክፈት ለምን ፈቃደኛ እንደማይሆኑ መጠይቅ መበተንዎንም ሰምቻለሁ። ኔትወርክ፣ የካሜራ ብልሽት፣ ሃይማኖት፣ ሌላ ካለ ይገለጽ ይላል አሉ። ሌላ ካለ በሚለው ሥር «አባት» ብለው ይጨምሩልኝ። ደግሞም ምልክት ከማድረግዎ በፊት ተማሪዋን ራሷን ቢጠይቋት፣ ጊዜዎን የማይወስድ፣ በጀትም የማይፈልግ ጥናት ይሆንልዎታል።

ለሰጡኝ ወንበር፣ ለዘጉልኝ በር፣ ለነቀነቁልኝ አንገት እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ ባለዕዳ ሆኜ፣ መጪው ወር ለእኛ የጾም፣ ለእርስዎም የማስተዋል እንዲሆንልን ዱዓ እያደረግሁ፣ በታላቅ አክብሮትና ከዚያ በሚበልጥ ኀፍረት እሰናበትዎታለሁ።

ዐብዱረሕማን ጃቢር
ቀድሞ ኮት ሰፊ፣ አሁን ጆንያ ጠጋኝ

ግልባጭ፦
ለመርዋ፣ ጠዳ
ለወይዘሮ እጅጋየሁ፣ በአጥር በኩል

ማስታወሻ፦ ረውዳ እንደ ነገረችኝ በዚያው ሐሙስ፣ እኔ ወደ ክምሩ ከተመለስሁ በኋላ፣ ሌሎችም ልጆች አንድ አንድ እያሉ ካሜራቸውን ከፍተዋል፤ አንዱ ከጋራዥ፣ አንዷ ታናሽ ወንድሟን አዝላ። እስካሁን ያልተከፈተው የመምህርዎ ነው። እኔ ለመፍረድ የመጨረሻው ሰው ነኝ፤ ማን ያውቃል፣ ከአርማው ኋላ መጋረጃ የሰቀሉላቸው አባት ይኖሯቸው ይሆናል። ካሉ ያስጠሯቸውና ኮፍያቸውን አይተው የሚሉትን ይጨርሱላቸው፤ ወንበርዎ እንደሚመች ምስክር እሆናለሁ፤ መነሣቱ ግን እንደሚከብድ አስቀድመው ይንገሯቸው።